ወጣቱ ዋላንደር ያ ሰው አይደለም፦ ለአንድ መጣጥፍ የተሰጠ ምላሽ

ስዊድናዊው ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል ስለፈጠረው መርማሪ ፖሊስ፣ ስለ ኩርት ዋላንደር፣ የወጣትነት ዘመንና የግል ሕይወት የሚተርክ አንድ መጣጥፍ ሰሞኑን አነበብኩ። አጻጻፉ ይማርካል፤ ቋንቋውም ጥሩ ነው። ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ማማሩ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ብዙ አንባቢ ከዋላንደር ጋር የሚተዋወቀው በዚህ መጣጥፍ በኩል ሊሆን ይችላል። መጣጥፉ የሚያሳየን ወጣት ደግሞ ማንኬል ከጻፈው ወጣት ጋር ከስሙ በቀር የሚያመሳስለው ነገር ጥቂት ነው።

የመጣጥፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ዋላንደር የመርማሪነትን ተሰጥኦ ይዞ የተወለደ፣ በ21 ዓመቱ አለቆቹ ያልታያቸውን ወንጀል ብቻውን የደረሰበት ጀግና ነው። ያደገው በስደተኞች ሰፈር ነው። አባቱ ይጠላው ነበር። ሚስቱ የፖሊስ ኑሮ ስለከበዳት ጥላው ሄደች፤ እሱም ሐዘኑን በመጠጥ ማስታገስ ያዘ። መጽሐፎቹም በስዊድን ወንጀልን ያመጣው የውጭ ሰው መሆኑን በድፍረት የተናገሩ ናቸው። ጸሐፊው በመጨረሻ አንባቢው የዋላንደርን የወጣትነት ታሪኮች ከያዘው፣ «ፒራሚዱ» ከተባለው መጽሐፍ እንዲጀምር ይመክራሉ፤ ደራሲው በቅድሚያ የጻፈው እሱን ነው ብለው ስለሚያምኑ። ነጥቦቹን በየተራ አነሳቸዋለሁ። የአንዳንዶቹን ታሪኮች ፍጻሜ ሳልነካ ማለፍ ስለማልችል፣ ገና ያላነበበ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቅ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ወንጀል ልጀምር። ሰኔ 1969 ላይ ዋላንደር መርማሪ አይደለም። በማልሞ ከተማ የደንብ ልብስ ለብሶ ጎዳና ላይ የሚቆም ተራ ፖሊስ ነው፤ ወደ ወንጀል ምርመራ ክፍል ለመዛወር ይመኛል። ጎረቤቱ የሆነ ጡረታ የወጣ መርከበኛ በገዛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተመትቶ ሞቶ ይገኛል፤ ሽጉጡም አጠገቡ ወድቋል። ከምርመራ ክፍል የመጣው ሄምበርግ ሰውዬው ራሱን አጥፍቷል ብሎ ፋይሉን ለመዝጋት ይቃረባል። ዋላንደር ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ይለዋል። እስከዚህ ድረስ መጣጥፉ ትክክል ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ጸሐፊው ዘለውታል። ዋላንደር ነገሩን የሚያጠናው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የት እንደሚሄድ ለማንም ሳይነግር ነው። ማወቅ ያለባቸው ሰዎች የማያውቁት ፍንጭ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የመጨረሻዋን እርምጃም ብቻውን ይራመዳል፤ ደረቱ ላይ በስለት የተወጋውም ያን ጊዜ ነው። ስለቱ ያረፈው ከልቡ አጠገብ ነው፤ ጥቂት ዘወር ቢል ኖሮ የዋላንደር ታሪክ በ21 ዓመቱ ባበቃ ነበር። ሄምበርግ በዚህ ወጣት ላይ ያለው አስተያየትም ሁለት ጎን አለው፤ ወደፊት ጥሩ መርማሪ ሊወጣው እንደሚችል ያያል፣ ሕግና ሥርዓት ጥሶ ብቻውን መሄዱን ግን ይነቅፋል። ማንኬል የነገረን የድል ታሪክ አይደለም። ትክክለኛ ጥርጣሬ የያዘ፣ ሥራውን ግን ገና ያልተማረ ልጅ ለሞት የተቃረበበትን ታሪክ ነው የነገረን።

ጸሐፊው በስለት መወጋቱን አልረሱትም፤ የሚነግሩን ግን በሌላ ቦታ ነው። «ጠባሳውን ያገኘው በ23 ዓመቱ፣ ማልሞ ውስጥ በሚገኝ መናፈሻ ከአንድ ሰካራም ጋር ሲታገል ነው» ይላሉ። ይህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ልቦለድ «ፊት አልባ ገዳዮች» ነገሩን በእርግጥ እንዲህ ያስታውሰዋል፤ 23 ዓመት፣ የፒልዳም መናፈሻ፣ ሰካራም፣ የሥጋ ቢላዋ። ማንኬል ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ዋላንደር ወጣትነት ሲመለስ ግን መወጋቱን ወደ 1969 አመጣው፤ ከመርከበኛው ሞት ጋርም አሰረው። ሁለቱ ትረካዎች አይገጥሙም፤ ተከታታይ መጽሐፍ የሚጽፍ ደራሲ እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። የመጣጥፉ ችግር ከአንዱ መጽሐፍ ወንጀሉን፣ ከሌላው ቁስሉን ወስዶ ምንም ሳይናገር መስፋቱ ነው። ቁስሉ ከወንጀሉ ሲለይ ወጣቱ ለጥፋቱ የከፈለው ዋጋ ይጠፋል፤ የሚቀረው ንጹሕ ድል ብቻ ይሆናል። «ተሰጥኦ ይዞ የተወለደ ጀግና» የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ያ ስለት ከዋላንደር ጋር ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ፍርሃት ሲይዘው፣ ሬሳ ፊት ሲቆም፣ ለመኖርም ለመሞትም ጊዜ አለው የሚል ቃል ለራሱ ይደጋግማል። መጽሐፈ መክብብን ሲሰማ ላደገ የእኛ አንባቢ ይህ ቃል እንግዳ አይሆንበትም። ዋላንደር ግን እንደ ጸሎት አይደለም የሚለው፤ ልክ እንደ ክታብ ነው የያዘው። ከወጣትነቱ ይዞት የወጣው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መጣጥፉ ደግሞ አንድም ቦታ አላነሳውም።

ስለ ተሰጥኦው አንድ ነገር ልጨምር። ዋላንደር ተምሮ የተሠራ መርማሪ ነው፤ አስተማሪዎቹም ስም አላቸው። ማልሞ ውስጥ ሄምበርግ ነበር። ወደ ትንሿ የወደብ ከተማ ወደ ኢስታድ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ሽማግሌው ሪድበርግ መጣ። ሪድበርግ ቁርጥማት የያዘው፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ ዝግ ብሎም የሚያስብ ሰው ነው። ወንጀል የተፈጸመበት ክፍል ገብቶ ዝም ብሎ መቆምን፣ መጀመሪያ የታየውን ነገር ቶሎ አለማመንን ያስተማረው እሱ ነው። ሪድበርግ በካንሰር ከሞተ በኋላ በየመጽሐፉ ዋላንደር መንገድ በጠፋው ቁጥር ራሱን የሚጠይቀው «ሪድበርግ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ ነው። በልጅነቱ ሁሉን የሚያውቅ የነበረ ሰው በ50 ዓመት ዕድሜው የሞተ መምህሩን ምክር አይለምንም።

ስለ ሰፈሩ የተባለው በቀላሉ ሊጣራ የሚችል ስህተት ነው። መጣጥፉ ወጣቱ ዋላንደር ስደተኞች በሚበዙበት በሮዘንጎርድ እንዳደገ፣ አፉ ውስጥ የእጅ ቦምብ የተደረገበት ልጅ ዐይኑ እያየ ሲሞት ለመርማሪነት እንደቆረጠ ይተርካል። ይህ ከመጽሐፎቹ አይደለም። በ2020 ኔትፍሊክስ ካቀረበው፣ አዳም ፖልሶን ከሚተውንበት ተከታታይ ፊልም ነው የመጣው። የፊልሙ ሠሪዎች ወጣቱን ዋላንደር ሆን ብለው ወደ ዛሬው ዘመን አምጥተውታል፤ መብታቸው ነው። ያንን ወስዶ የማንኬል ዋላንደር የሕይወት ታሪክ ነው ማለት ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

እርግጥ ነው፣ የመጽሐፉ ዋላንደርም በ1969 ሮዘንጎርድ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ያደገው ግን እዚያ አይደለም። የ1969ኙ ሮዘንጎርድም ሌላ ዓለም ነው። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን አዳዲስ ቤቶች ለመሥራት አቅዳ ነበር፤ ሮዘንጎርድ ከዚያ ዕቅድ የተወለደ፣ በጊዜው ሲሚንቶው ያልደረቀ ሰፈር ነው። የሚገቡበት የማልሞ ሠራተኞችና ገና ኑሮ የሚጀምሩ ወጣቶች ነበሩ። እኛ በዝላታን ኢብራሂሞቪች ስም የምናውቀው ሮዘንጎርድ የኋላ ታሪክ ነው፤ ዝላታን የተወለደው በ1981 ነው። ዋላንደር እዚያ ቤት የተከራየው አዲስ ስለነበረና ተራ ፖሊስ የሚከፍለው ኪራይ ስለነበረ እንጂ፣ ደራሲው የስደተኞችን ችግር ሊያሳይበት ፈልጎ አይደለም።

ዘመኑን ስንለውጠው ሰውየው ይጠፋብናል። ዋላንደር የተወለደው በ1948 ነው፤ ማንኬልም በዚያው ዓመት ነው የተወለደው። ሁለቱም የዜጎቹን ኑሮ የሚደግፈው መንግሥት ሁሉን ያሟላል ተብሎ በታመነበት አገር ያደጉ ናቸው፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግን ጎዳናው በሰልፍ ይናጥ ነበር። በ1968 ማልሞ በምትገኝበት በስኮኔ ክፍለ ሀገር፣ ቦስታድ በተባለች ከተማ፣ በነጮች አገዛዝ ሥር የነበረችው የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) የቴኒስ ቡድን እንዳይጫወት ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል። የቬትናም ጦርነት ሰልፎችም ነበሩ። ዋላንደር የቆመው ቆመጥ ከያዙት ወገን ነው፤ እኩዮቹ ከገመዱ ወዲያ ናቸው። «ፒራሚዱ» ውስጥ አንዲት ወጣት ልጅ ካፌ ተቀምጦ ሳለ ትመጣና በሰልፉ ላይ እንደመታት ትነግረዋለች። የሚመልሰው ያጣል። የዋላንደርን ወጣትነት ከየትኛውም የተኩስ ትዕይንት በላይ የሚገልጸው ይህች አጭር ቅጽበት ናት፤ ዘመኑ ጥያቄ የሚያቀርብለት፣ መልሱ ግን የሌለው ሰው ነው። ወደ 2020 ስናመጣው ይህ ሁሉ ይቀራል።

አባትየውን በተመለከተ መጣጥፉ በግማሽ ልክ ነው። ሽማግሌው ልጁ ፖሊስ መሆኑን እስከ ዕለተ ሞቱ አልወደደም፤ ለምን እንደሆነም አንጀት የሚያርስ ማብራሪያ አልሰጠም። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «በአባቱ የተጠላ ልጅ» ማለት እነዚህን ሁለት ሰዎች አለማየት ነው። አባትየው ሠዓሊ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሚሥለው አንድ ሥዕል ነው፤ ጫካ፣ ሐይቅ፣ ጠላቂ ፀሐይ። አንዳንዱ ሥዕል ላይ አንድ ትልቅ የዱር ወፍ ይጨመርበታል፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ልጁ ዋላንደር ትልልቅ የአሜሪካ መኪና እየነዱ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው የሚመጡትን የሥዕል ነጋዴዎች ያስታውሳል። ከወፍራም የብር ጥቅል ላይ እየቆጠሩ ሲከፍሉ፣ አባቱ ፊታቸው ዝቅ ሲል አይቷል። ይህን ያየ ልጅ ስለ አባቱ የሚሰማው ነገር ፍቅር ብቻም ጥላቻ ብቻም ሊሆን አይችልም።

በዚያው በ1969 ዋላንደር አባቱን ሊጠይቅ ሊምሃምን ወደተባለው የማልሞ ሰፈር ሲሄድ ሽማግሌው ዕቃውን እየሸከፈ ያገኘዋል። ቤቱን ሸጦ ወደ ገጠር፣ ወደ ሎደሩፕ፣ ሊሄድ ነው፤ ለልጁ ግን ትንፍሽ አላለም። እዚህ ላይ የምናየው ክፋት አይደለም፤ ማውራት የማይችሉ አባትና ልጅ ናቸው። ዝምታው ደግሞ ይወረሳል፤ ዋላንደር የራሱን ጉዳይ ለሚስቱና ለልጁ ሳይነግር የሚወስነው ከዚህ ቤት ስለወጣ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አባትየው የመርሳት በሽታ ሲጀምረው በጭቃ ማሳ ውስጥ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ሻንጣ ይዞ ሲሄድ ይገኛል፤ ወዴት ሲሉት ወደ ጣሊያን ይላል። ሁለቱ በመጨረሻ አብረው ሮም ይሄዳሉ። ያ ጉዞ በመጽሐፎቹ ሁሉ ውስጥ አባትና ልጅ የሚደሰቱበት ትልቁ ጊዜ ነው፤ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው መሣያ ክፍሉ ውስጥ ይሞታል። የሚጠላ አባት ከልጁ ጋር ሮምን ለማየት ዕድሜ ልኩን አያልምም።

አሁን ወደ ሞና። በመጣጥፉ ውስጥ በጣም ያስከፋኝ ስለሷ የተጻፈው ነው። «የፖሊስን ኑሮ መሸከም ያቃታት፣ ትዕግሥት የሌላት ሴት» ተብላለች። ጸሐፊው ይህን ፍርድ ያመጡት ከዋላንደር አፍ ነው፤ ዋላንደር ራሱን የሚያጽናናባቸውን ቃላት ምስክርነት አድርገው ተቀብለዋቸዋል። ማንኬል ግን አንባቢው ከዋላንደር ጀርባ ቆሞ እንዲያይ ነው የጻፈው። በ1969 ሞና ወጣት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ገና አልተጋቡም። ቀጠሮ አላቸው፤ እሱ ያረፍዳል። ሌላ ቀጠሮ ይይዛሉ፤ እሱ የመርከበኛውን ጉዳይ ይዞ ይጠፋል። ትቆጣለች፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ አይለመደኝም ይላል፤ ይደግመዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መርማሪ ከመሆኑ በፊት ነው። ማንም ያላዘዘውን ሥራ መርጦ የሄደ ሰው «ሥራዬ ነው የለየን» ሊል አይችልም።

በ1975 የገና ዋዜማ ላይ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። ወደ ኢስታድ መዛወሩ ታውቋል፤ ሞናና የአምስት ዓመቷ ሊንዳ ለበዓሉ ቤት ይጠብቁታል። ሄምበርግ ወደ ቤትህ ስትሄድ እግረ መንገድህን አንዲት የሱቅ ባለቤት አሮጊት ደኅና መሆናቸውን እይልኝ ይለዋል። ይሄዳል፤ አሮጊቷን ሞተው ያገኛቸዋል፤ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ጭንቅላቱን መትቶ ይጥለዋል። የዚህ አንዱ ምሽት ጥፋት የሱ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ምሽቶች ሁሉ ለሚያውቅ ሰው፣ ሞና በሩን እያየች የምታስበውን መገመት አይከብድም።

በ1990 ጥር የመጀመሪያው ልቦለድ ሲጀምር ሞና ከሄደች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ዋላንደር እራት ጋብዟት እንድትመለስ ይለምናታል፤ እንቢ ትለዋለች። ጠጥቶ ይነዳል፤ የገዛ ባልደረቦቹ መንገድ ላይ ያስቆሙታል፤ ዝም ብለው ወደ ቤቱ ያደርሱታል። በዚያው መጽሐፍ ሰክሮ አንዲት ዐቃቤ ሕግን ሳትፈልግ ይይዛታል። መጣጥፉ ይህን «የብቸኝነት ድክመት» ብሎ አልፎታል። ማንኬል ግን አላለፈውም፤ ዋላንደር በማግስቱ በእፍረት ሲቃጠል አሳይቶናል፣ ሕግ አስከባሪው ሕግ ጥሶ በወዳጆቹ ዝምታ መዳኑንም አልደበቀም። ሞናም መልአክ አይደለችም፤ በኋለኞቹ ዓመታት እሷ ራሷ ከመጠጥ ጋር ስትታገል እናያለን። የሁለት ሰዎች ትዳር ነው የፈረሰው፤ ጸሐፊው ግን አንዱን ወገን ሰምተው ፈረዱ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሊንዳ በመጣጥፉ ውስጥ የተሰጣት ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው፤ «ሴት ልጅም አለችው»። ሊንዳ በ15 ዓመቷ ራሷን ለማጥፋት ሞክራለች። አባቷ፣ የሌላውን ሰው ምሥጢር ፈልፍሎ የሚያወጣው ሰው፣ የገዛ ልጁ ለምን ያን እንዳደረገች ሊደርስበት አልቻለም። የዋላንደር የግል ሕይወት ማዕከል ይህ ነው እንጂ ፍቺው አይደለም። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ የሚዘልለው ለዚህ ነው። ሊንዳ የወንበርና የሶፋ ጨርቅ አልባሽ ልሁን አለች፣ ትወና ሞከረች፣ በመጨረሻ ፖሊስ ሆነች፤ ማንኬልም በ2002 የራሷን ልቦለድ ጻፈላት። ስለ ዋላንደር የግል ሕይወት እየጻፉ እሷን መዝለል አይቻልም።

ስለ መጠጡና ስለ «ቅጂነቱ» ብዙ አልልም። መጣጥፉ ዋላንደር ከማርቲን ቤክ የተገለበጠ ነው ይላል። ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የተባሉት የሕይወት አጋሮች ከ1965 እስከ 1975 በአሥር መጽሐፎች የፈጠሩት የስቶክሆልሙ መርማሪ መንገዱን እንደጠረገ ማንኬል ራሱ በአደባባይ ያመሰገነበት ነገር ነው። ዕዳ ያለበት ሁሉ ግን ቅጂ አይሆንም። የቤክን መጽሐፎች የሚሸከመው ቡድኑ ነው፤ የዋላንደርን ግን አንድ ብቸኛ ሰው፣ መኪናው ውስጥ የሚያደምጠው የኦፔራ ካሴት፣ ከፈረስ አሰልጣኙ ጓደኛው ከስቴን ቪደን ጋር የነበረው የጨነገፈ ሕልም ነው። ስቴን የኦፔራ ዘፋኝ፣ ዋላንደር ደግሞ የሱ ሥራ አስኪያጅ ሊሆኑ ነበር በወጣትነታቸው። ስለ ወጣትነቱ የተጻፈ መጣጥፍ ይህን ቢያነሳ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነጥብ ግን የውጭ ሰዎችን የሚመለከተው ነው። መጽሐፎቹ ወንጀልን ያመጣው የውጭ ሰው ነው ይላሉ የሚለው አባባል የደራሲውን ዓላማ ገልብጦ መያዝ ነው። ማንኬል ከአፍሪካ ጋር የኖረ ሰው ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሞዛምቢክ ዋና ከተማ ማፑቶ አንድ ቲያትር ቤት መርቷል። በ1989 ወደ ስዊድን ሲመለስ የውጭ ሰው ጥላቻ አድጎ ጠበቀው። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ወሰነ፤ ዘረኝነት ወንጀል ስለሆነም የወንጀል ልቦለድን መረጠ፤ መርማሪ ፖሊስ ያስፈለገው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። ከኢስታድ ወደ ሰሜን ብዙም የማትርቀው የሾቦ ማዘጋጃ ቤት በመስከረም 1988 ስደተኛ እንቀበል ወይስ አንቀበል ብላ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳለች፤ ከድምፅ ሰጪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አንቀበልም ብሏል። መጽሐፉ በወጣበት በ1991 በነሐሴ ወር ደግሞ በስቶክሆልም አንድ ሰው በሌዘር እያነጣጠረ መጤ የመሰለውን መተኮስ ጀመረ፤ እስከ ጥር 1992 አሥራ አንድ ሰው መታ፣ አንዱ ሞተ። በመጀመሪያ የተመታው ኤርትራዊ ወጣት ነበር። ከደርግ ሸሽተው ስዊድን ገብተው የነበሩ ወገኖቻችን በዚያ ክረምት በመስኮት ሲመለከቱ ምን ይሰማቸው እንደነበር የሚያስታውሱ ሞልተዋል።

በዚህ መካከል ነው «ፊት አልባ ገዳዮች» የቆመው። ሌናርፕ በተባለ የገጠር መንደር አንድ ሽማግሌ ተገድለው፣ ሚስታቸውም ለሞት ተቃርበው ይገኛሉ፤ ሴትየዋ ከመሞታቸው በፊት የውጭ ሰዎች የሚመስል ቃል ይናገራሉ። ቃሉ ከፖሊስ ወጥቶ ጋዜጠኞች ጆሮ ይደርሳል፤ የስደተኞች መጠለያ ላይ ጥቃት ይጀመራል፤ አንድ ሶማሊያዊ በጥይት ይገደላል። ከሶማሊያዊው ግድያ ጀርባ ያለው ሰው የቀድሞ ፖሊስ ነው። መጣጥፉ ይህን ጨርሶ አያነሳም። የሚያነሳው የአሮጊቱንና የሽማግሌውን ገዳዮች ብቻ ነው፤ እነሱም በእርግጥ ከውጭ የመጡ ሁለት ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። ጸሐፊው «ይኸውና» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ማንኬል ገዳዮቹን ስዊድናውያን አድርጎ ሁላችንንም ማስደሰት ይችል ነበር። አላደረገውም። አንባቢውን ከባዱ ጥያቄ ፊት ያቆመዋል፤ ሁለት ሰዎች ወንጀል ቢሠሩ፣ ምንም የማያውቅ ሶማሊያዊ ስለምን ይሞታል? ገዳዮቹ የተያዙትም የውጭ ሰው ስለታደነ አይደለም። ባንክ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት ገንዘብ ባወጡት ሽማግሌ ጀርባ ማን ቆሞ እንደነበር በደንብ ስላስታወሰች ነው። የጅምላ ጥርጣሬ ሰው አስገደለ፤ ወንጀሉን የፈታው ግን አንዲት ሰው በጥንቃቄ ማየቷ ነው። ዋላንደርም ከዚህ ነገር ንጹሕ ሆኖ አልተሣለም። ልጁ ሕክምና ከሚያጠና ኬንያዊ ጋር መሆኗን ሲሰማ የሚሰማው ግራ መጋባት ራሱን ያስደነግጠዋል።

ወደ ወጣትነቱ ስንመለስ መልሱ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1975 የገና ዋዜማ ዋላንደርን የመታው ጭምብል ለባሽ ከደቡብ አፍሪካ የሸሸ ጥቁር ወጣት ነው። አሮጊቷን ገድሏል፤ ማንኬል ይህን አያስተባብልም። ነገር ግን አፓርታይድ ያን ልጅ ምን አድርጎት እንደነበር ዋላንደር ከአፉ ይሰማል፤ ሊያናግረው፣ ሊያረጋጋው ይሞክራል። አይሳካለትም፤ ወጣቱ ራሱን ያጠፋል። ዋላንደር ማልሞን ትቶ ወደ ኢስታድ የሚሄደው ይህን ይዞ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የውጭ ሰውን የሚከስ መልእክት ያነበበ ሰው ግማሹን ገጽ ዘልሎ መሆን አለበት።

የንባብ ቅደም ተከተሉ የቀረው ነው። «ፒራሚዱ» በ1999 ነው የታተመው፤ ከ1991 እስከ 1998 የወጡትን ስምንት ልቦለዶች ተከትሎ። አንባቢዎች ከዚያ በፊት ዋላንደር ምን ነበር እያሉ በጠየቁት ጊዜ የመጣ መልስ ነው፤ አምስቱ ታሪኮች ከ1969 ተነስተው ወደ ጥር 1990፣ የመጀመሪያው ልቦለድ ወደሚጀምርበት ጠዋት ይደርሳሉ። የተጻፉትም ያንን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከሌናርፕ፣ ከ«ፊት አልባ ገዳዮች»፣ ጀምሩ፤ ዋላንደርን የምታገኙት ሞና ከሄደች፣ ሊንዳ ከራቀች፣ አባቱ መርሳት ከጀመረ በኋላ ይሆናል። ቀጥሎ ወደ 1969 ሂዱ። ያኔ ወጣቱ ለሞና ሁለተኛ አይለመደኝም ሲላት፣ የፖሊስ ሥራ ገና ምንም እንዳላደረገው፣ የሚያዘገየው ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ታያላችሁ።